ቡድኑ ሄደ፤ ዕዳው ቀረ

ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ አዲስ አበባን ለቆ፣ ከነስሙና ከነማልያው ጠቅልሎ ባሕር ዳር ገባ፤ ምክንያቱም የባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤት የበለጠ ገንዘብ አቀረበለት ቢባል የአራዳ ልጅ ምን ይል ነበር? የሚያምን አይገኝም። በምንኖርባት አሜሪካ ግን ነገሩ ሲታሰብ ብቻ ሳይሆን ሲደረግ፣ ተደርጎም ሲደገም ኖሯል። ቡድን እንደ ሱቅ ነው፤ ባለቤት አለው። ባለቤቱ የተሻለ ኪራይ ካገኘ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። ደጋፊው አልቅሶ ይቀራል።

ለቅሶው ብዙ ተጽፎበታል። እኔ ማንሳት የምፈልገው ሒሳቡን ነው። አንድን የፕሮፌሽናል ቡድን ከከተማ ወደ ከተማ ለማዛወር ምን ያህል ያስከፍላል? የሚከፍለውስ ማነው? ለዚህ ጥያቄ የሬይደርስን ያህል የተሟላ መልስ የሚሰጥ ቡድን የለም። ከኦክላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ከሎስ አንጀለስ ተመልሶ ወደ ኦክላንድ፣ ከዚያም ወደ ላስ ቬጋስ ሦስት ጊዜ ተሰዷል። መነሻውም መድረሻውም ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል፤ በላስ ቬጋስ ደግሞ ታክሲ የሚነዳውና በሆቴሎቹ የሚሠራው ወገናችን ብዙ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ግብር ከእነዚህ ሰዎች ኪስና ከሥራ ቦታቸው ጋር የተያያዘ ነው።

(እግር ኳስ የምለው አሜሪካኖች በእጃቸው ይዘውት እየሮጡ እግር ኳስ የሚሉትን ጨዋታ ነው። ስሙን እነሱ ያስረዱ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቡድን ለምን ይሄዳል?

ብዙ ሰው ቡድን የሚሰደደው ተመልካች ሲያጣ ይመስለዋል። ሬይደርስ ግን በ1980 ኦክላንድን እለቃለሁ ሲል ከአሥር ዓመት በላይ ትኬቱ በየጨዋታው ተሸጦ የሚያልቅ ቡድን ነበር። ታዲያ ምን ጎደለበት?

ምስጢሩ ያለው ኤን ኤፍ ኤል የሚባለው ሊግ ገንዘብ በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነው። ከቴሌቪዥን የሚመጣው ገቢ ለቡድኖቹ ሁሉ እኩል ይከፈላል። ከተራው ትኬት ሽያጭም ለእንግዳው ወገን ድርሻ ይወጣል። በስታዲየሙ ውስጥ በመስተዋት ተከልለው ለኩባንያዎችና ለሀብታሞች የሚከራዩት ክፍሎች ገቢ ግን ለማንም አይከፈልም፤ ሙሉ በሙሉ የባለሜዳው ነው። ስለዚህ ስልሳ ሺህ ተራ ተመልካች ያለው ባለቤት፣ መቶ ባለ መስተዋት ክፍል ባለው ጎረቤቱ ይቀናል። የኦክላንድ ኮሊሲየም በ1966 የተከፈተ የኮንክሪት ሜዳ ሲሆን እንዲህ ዓይነት ክፍል አልነበረውም።

የቡድኑ አለቃ አል ዴቪስ ይባል ነበር። በ1963 አሠልጣኝ ሆኖ መጥቶ፣ ቀስ በቀስ ድርሻ ገዝቶ፣ በ1972 የቡድኑን ሥልጣን ጠቅልሎ የያዘ ሰው ነው። ክፍሎቹን ሥሩልኝ ሲል ከከተማውና ከአላሜዳ ካውንቲ ሹማምንት ጋር ሳይስማማ ቀረ። በዚያው ጊዜ የሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም አስተዳደር ተከራዩ የነበረው ራምስ ወደ አናሃይም ሊሄድበት ስለሆነ ተከራይ ይፈልግ ነበር። ፈላጊና ተፈላጊ ተገናኙ።

የመጀመሪያው ዳገት፦ ፈቃድ

የሊጉ ደንብ ቡድን ለማዛወር የባለቤቶቹን ሦስት አራተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በመጋቢት 1980 ድምፅ ተሰጠ። 22 ተቃወሙ፣ 5 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፣ የደገፈ አንድም አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ዴቪስ ግን ከሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ጋር አብሮ ሊጉን ከሰሰ። ክሱ፣ «እናንተ ተፎካካሪ ነጋዴዎች ሆናችሁ ሳለ ተማክራችሁ ንግዴን ዘጋችሁብኝ፤ ይህ ንግድን የሚያፍን አድማ ነው» የሚል ነበር። የመጀመሪያው ችሎት ያለ ውሳኔ ተበተነ። በግንቦት 1982 ሁለተኛው ችሎት ለዴቪስ ፈረደ። ቡድኑ በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ገባ። በ1983 ዳኞቹ ለሬይደርስ 11.55 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወሰኑ፤ የዚህ ዓይነት ካሳ በሕጉ በሦስት ስለሚባዛ ከ34 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ ክርክሩ በተጋጋለበት ወቅት ቡድኑ ገና ኦክላንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። ያውም በጥር 1981 ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል በአደባባይ ዋንጫውን ለከሳሹ አስረከበ። ሁለቱም በካሜራ ፊት ጨዋ ሆነው ታዩ።

ከዚህ የፍርድ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ለእኔ ግን ዋነኛ የሆነው ክፍል በ1986 የመጣው ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት፣ ካሳው እንደገና ይሰላ ሲል አዘዘ። ምክንያቱ እንዲህ ነበር፦ የሎስ አንጀለስ ገበያ ባለቤት አልባ መሬት አልነበረም። ዋጋው ያደገው ቡድኖቹ ሁሉ ለዓመታት በጋራ በሠሩት ሥራ ነው። ዴቪስ ገበያውን ሲይዝ የጋራ የነበረ ሀብት ወስዷል፤ ስለዚህ የዚያ ዋጋ ከካሳው ላይ ይቀነስ። ሊጉ በፍርድ ቤት ተሸንፎ ወጣ፣ በእጁ ግን አንድ ሐሳብ ይዞ ወጣ። ቡድን እንዳይሄድ መከልከል አስቸጋሪ ከሆነ፣ ማስከፈል ግን ይቻላል የሚል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ኦክላንድም ዝም አላለችም። በ1980 ያልተለመደ ክስ አቀረበች። መንግሥት መንገድ ሲሠራ ካሳ ከፍሎ የሰው ቤት እንደሚወስድ ሁሉ፣ እኛም ቡድኑን ለሕዝብ ጥቅም ካሳ ከፍለን እንውሰደው አለች። የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 የማይዳሰስ ንብረትም ሊወሰድ ይችላል ብሎ በሩን ከፈተላት። በሩን የዘጋው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1985 ነው። አንድ ከተማ ቡድን ቢወርስ በመላ አገሪቱ የሚሠራውን የሊግ ንግድ ያናጋል አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ጉዳዩን አልመለከትም ሲል ነገሩ አበቃ።

የዚህ ክስ ድንጋጤ እስከ ባልቲሞር ተሰማ። የሜሪላንድ ሕግ አውጪዎች ኮልትስ የተባለውን ቡድን ለመውረስ የሚያስችል ሕግ ማርቀቅ ሲጀምሩ ባለቤቱ ሮበርት አርሴ አልጠበቃቸውም። በመጋቢት 28 ቀን 1984 ሌሊት በበረዶ ውስጥ የሜይፍላወር ጭነት መኪናዎች መጥተው ቡድኑን ጭነው ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄዱ። በማግሥቱ ገዢው ሕጉን ሲፈርም የሚወረስ ነገር አልነበረም። ሜሪላንድና ዋሺንግተን አካባቢ የምትኖሩ፣ የሜዳ ጉዳይ ሲነሳ ሽማግሌ ባልቲሞራውያን ለምን ፊታቸው እንደሚጠቁር አሁን ይገባችኋል።

አተርፍ ባይ አጉዳይ

ሎስ አንጀለስ የተስፋ ምድር ሆና አልተገኘችም። ኮሊሲየሙ ያኔ ከ90 ሺህ ሰው በላይ ይይዝ ነበር፤ ይህ ራሱ መከራ ሆነ። ያኔ በነበረው የሊጉ ደንብ መሠረት ትኬቱ ከጨዋታው 72 ሰዓት በፊት ካላለቀ ጨዋታው በከተማው ቴሌቪዥን አይታይም ነበር። 60 ሺህ ሰው መጥቶም ቡድኑ ከቴሌቪዥን ጠፋ። ቃል የተገቡት ባለ መስተዋት ክፍሎችም ሳይጠናቀቁ ቀሩ። ለእነሱ ሲል ከተማ የለቀቀ ሰው ያለ እነሱ ተቀመጠ።

ኢርዊንዴል የሚባል ከተማ አለ፤ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ፣ ያኔ አንድ ሺህ ያህል ነዋሪ የነበረው፣ በጠጠር ጉድጓዶች የታወቀ። በ1987 የከተማዋ ሹማምንት ከጉድጓዶቹ በአንዱ ውስጥ ስታዲየም እንሠራልሃለን ብለው ለዴቪስ 10 ሚሊዮን ዶላር ቀብድ ሰጡት። የማይመለስ ቀብድ። በክስና በአካባቢ ጥናት ጥያቄ ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ ፈረሰ። ስታዲየም አልተሠራም፣ ቡድን አልመጣም፣ 10 ሚሊዮኑም አልተመለሰም። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሕፃኑን ጨምሮ ወደ አሥር ሺህ ዶላር ማለት ነው። በየቤቱ አንኳኩቶ አሥር ሺህ ዶላር ስጡኝ የሚል ሌባ ቢመጣ ከተማው በሙሉ በዱላ ይወጣ ነበር።

ኦክላንድ በበኩሏ የሄደውን ለመመለስ መማለድ ጀመረች። በ1990 ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ውል ቀረበ፤ ትኬት ባይሸጥ ከተማውና ካውንቲው እንዲከፍሉ ዋስትና ሳይቀር ነበረበት። ሕዝቡ ተቆጣ። ፊርማ ተሰበሰበ፣ ውሉ ተሻረ፣ ከንቲባው ላዮኔል ዊልሰን በዚያው ዓመት ሰኔ በተደረገው ምርጫ ወደቁ። የኦክላንድ ሕዝብ ለኳስ ምን ያህል እንደሚከፍል ሲጠየቅ መልሱን በግልጽ ሰጥቷል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አልተጠየቀም።

የዴቪስ ተራራ

በጥር 1994 የመሬት መንቀጥቀጥ የሎስ አንጀለስን ኮሊሲየም ጎዳው። በሆሊውድ ፓርክ አዲስ ሜዳ ለመሥራት የተጀመረው ንግግር አልሠመረም። በሰኔ 1995 ዴቪስ ወደ ኦክላንድ ለመመለስ ፈረመ። ከተማውና ካውንቲው በጋራ ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቦንድ ሸጡ፤ ማለትም ተበደሩ። ብድሩ ለግንባታ ብቻ አልዋለም፤ ለቡድኑ የመዛወሪያ ወጪና የልምምድ ቦታም ብድር ሆኖ ተሰጠበት።

አሁን ልብ በሉ። ዕዳው በምን ይከፈላል ተባለ? በወንበር ፈቃድ። የወንበር ፈቃድ ማለት ትኬት አይደለም። ትኬት የመግዛት መብት ነው። በመጀመሪያ ለመብቱ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ትከፍላለህ፣ ከዚያ በየዓመቱ ደግሞ ትኬቱን ትገዛለህ። ደጋፊው በናፍቆት ብዛት ይሻማበታል፣ ገንዘቡ ዕዳውን ይዘጋል፣ ግብር ከፋዩ አንድ ሳንቲም አያወጣም ተባለ። ላም አለኝ በሰማይ!

ፈቃዱ የታሰበውን ያህል አልተሸጠም። ዕድሜው ደግሞ አሥር ዓመት ብቻ ነበር፤ ደጋፊው ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያልፍበትን መብት ውድ ዋጋ ሰጥቶ ለምን ይግዛ? የሚሸጠውም ቡድኑ ሳይሆን ከተማውና ካውንቲው ያቋቋሙት ድርጅት ነበር። ስለዚህ ገበያው ሲቀዘቅዝ ኪሳራው ያረፈው እነሱ ላይ ነው። የጎደለውን ከተማውና ካውንቲው ከመደበኛ ገንዘባቸው መሙላት ጀመሩ፤ ሁለቱ በአንድነት በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር። ይህ ብቻ መቼ አበቃ! ዴቪስ፣ ትኬቱ ተሸጦ አልቋል ብላችሁ አታለላችሁኝ ብሎ ከሰሳቸው። በ2003 ዳኞች 34.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱለት። ፍርዱ በይግባኝ በ2006 ባይሻር ኖሮ ከተማዋ በገዛ ገንዘቧ ለመለሰችው ቡድን መልሳ ካሳ ልትከፍል ነበር።

በብድሩ የተሠራው ትልቁ ነገር በሜዳው ምሥራቅ በኩል የቆመ ግዙፍ የወንበር ግንብ ነው። ሕዝቡ በፌዝ «የዴቪስ ተራራ» አለው። በዚያው ሜዳ ቤዝቦል ለሚመለከት ሰው ቀድሞ ይታየው የነበረውን የኦክላንድ ኮረብታ ሙሉ በሙሉ ጋረደ። ከሁሉ የሚገርመው መጨረሻው ነው። በ2013 ቡድኑ ትኬቱ ስለማያልቅና ጨዋታው ከቴሌቪዥን እንዳይወርድበት ስለፈራ የላይኛውን የተራራውን ክፍል በሸራ ሸፈነው። ሰው እንዲቀመጥበት በብድር ተሠራ፤ ሰው እንዳይቀመጥበት በሸራ ተሸፈነ፤ ብድሩ ግን ይከፈላል። ለዚህ ነው አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት።

በ2010 ኦክላንድ የበጀት ጉድለት ገጥሟት 80 ፖሊሶችን አሰናበተች። ፖሊሶቹ የተሰናበቱት በስታዲየሙ ዕዳ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያ ጊዜ የመላ አገሪቱ ኢኮኖሚ የተመታበት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ካዝና፣ የከተማዋ የስታዲየም ድርሻ በወቅቱ ተከፍሏል። የቦንድ ባለዕዳ መክፈል ግዴታው ነው፤ ፖሊስና ቤተ መጻሕፍት ግን ሊቀነሱ ይችላሉ። በምሥራቅ ኦክላንድ ሱቅ ከፍቶ በሽጉጥ ሲዘረፍ የነበረ የእኛ ሰው ይህን ልዩነት ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ከ29 ሚሊዮን ወደ 550 ሚሊዮን

ከላይ ሊጉ ይዞት ወጣ ያልኩት ሐሳብ ፍሬ ያፈራው በ1995 ነው። ራምስ ከአናሃይም ወደ ሴንት ሉዊስ ልሂድ ሲል ባለቤቶቹ መጀመሪያ ከለከሉ፤ ክስ ሲያስፈራራቸው ፈቀዱ፤ ከመፍቀዳቸው በፊት ግን 29 ሚሊዮን ዶላር የመዛወሪያ ክፍያ አስከፈሉት። ከ21 ዓመት በኋላ ያው ራምስ ወደ ሎስ አንጀለስ ልመለስ ሲል የተጠየቀው 550 ሚሊዮን ነው። ተከትሎት የሄደው ቻርጀርስም ይህንኑ ተጠየቀ። ገንዘቡ የሚከፋፈለው ድምፅ በሚሰጡት ባለቤቶች መካከል ነው። ፈቃጁና ጉቦ ተቀባዩ አንድ ሆነ ብል ሕግ አዋቂዎች ይቆጡኛል፤ ሕጋዊ ክፍያ ነው። ይሁን፣ ሕጋዊ ይባል። ድምፁን የሚሰጠው ሰው «ሂድ» ባለ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኝ፣ «ቅር» ባለ ቁጥር የማያገኝ መሆኑን ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

ሴንት ሉዊስ ራምስን ለማምጣት በሕዝብ ገንዘብ ትልቅ ጣሪያ ያለው ሜዳ ሠርታ ነበር። በውሉ ውስጥ፣ ሜዳው ከሊጉ ምርጥ ሩብ ውስጥ ካልሆነ ቡድኑ ሊለቅ ይችላል የሚል አንቀጽ አስገቡ። ሌሎች ከተሞች በየዓመቱ አዲስ ሲሠሩ አንዱ አሮጌ እየሆነ እንደሚሄድ ያልታያቸው ይመስላል። በ2013 ገላጋይ ዳኞች ሜዳውን ለማደስ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ያለውን የቡድኑን ሐሳብ ተቀበሉ። ከተማው አልችልም አለ፤ አንቀጹ ሠራ፤ ቡድኑ በ2016 ሄደ፤ የሜዳው ዕዳ ግን ገና አላለቀም ነበር። ሴንት ሉዊስ ከሌሎቹ የሚለያት አጥብቃ መክሰሷ ነው። በኅዳር 2021 ሊጉና የራምስ ባለቤት ስታን ክሮንኪ 790 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ታረቁ። ጠበቆቹ ከሦስት እጅ አንዱን አሳልፈው ወሰዱ፤ የቀረውም ቢሆን ትንሽ አይደለም። ኦክላንድ በ2018 ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ክስ መሥርታ ነበር፤ በ2021 በይግባኝ ተሸነፈች፤ በ2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አላየውም አለ።

በረሃው ላይ

አል ዴቪስ በጥቅምት 2011 ሞተ። ልጁ ማርክ ቡድኑን ወረሰ፤ ከቡድኑ ሌላ ግን ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበረውም። በጥር 2016 የሊጉ ባለቤቶች በሎስ አንጀለስ አካባቢ ለመሥራት ያቀረበውን ዕቅድ ትተው ክሮንኪን በ30 ለ2 ድምፅ መረጡ። ማርክ ዴቪስ በቤቱ ሜዳ ከሠራ 100 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ እንደሚሰጠው ተነገረው። የኦክላንድ ከንቲባ ሊቢ ሻፍ ከአባታቸው ዘመን ዕዳ ትምህርት ወስደው ነበርና ለሜዳው ግንባታ የሕዝብ ገንዘብ አልሰጥም አሉ። ለመንገድና ለመሠረተ ልማት እንጂ። ብዙ ደጋፊ ሰደባቸው። የዕዳውን መዝገብ ያየ ሰው ሊሰድባቸው አይችልም።

እዚህ ላይ ኔቫዳ መጣች። የካሲኖው ቱጃር ሼልደን አደልሰን 650 ሚሊዮን አወጣለሁ አለ። ቡድኑና ሊጉ 500 ሚሊዮን፣ ሕዝቡ ደግሞ 750 ሚሊዮን፣ በድምሩ 1.9 ቢሊዮን። የሕዝቡ ድርሻ የሚመጣው በሆቴል አልጋ ላይ ከሚጨመር ከአንድ በመቶ ያነሰ ቀረጥ ነው፤ በትልልቆቹ ሆቴሎች አካባቢ 0.88 በመቶ። በኔቫዳ ሕግ ግብር ለመጨመር የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በ42 መቀመጫው ምክር ቤት 28 ድምፅ ተገኘ፤ አንድ ቢጎድል ይወድቅ ነበር። ገዢው ብራያን ሳንዶቫል በጥቅምት 17 ቀን 2016 ፈረሙ።

አራት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 2017 መጨረሻ፣ አደልሰን ከማርክ ዴቪስ ጋር ተጣልቶ ወጣ። እሱን ተከትሎ ጎልድማን ሳክስ የተባለው ባንክም ወጣ። የሕዝቡ 750 ሚሊዮን በሕግ ታስሮ ተቀምጧል፤ የባለሀብቶቹ ገንዘብ ግን በአንድ ሳምንት ተነነ። በመጋቢት ባንክ ኦፍ አሜሪካ ጎደሎውን 650 ሚሊዮን አበድራለሁ ባይል ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ይቀር ነበር። በመጋቢት 27 ቀን 2017 ባለቤቶቹ 31 ለ1 በሆነ ድምፅ ፈቀዱ፤ ብቻውን የተቃወመው የማያሚው ስቲቨን ሮስ ነበር። ለፈቃዱ የተጠየቀው ክፍያ 378 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን በየዓመቱ ተከፋፍሎ የሚከፈል ነው። ቡድኑ ለሜዳው 62 ኤከር መሬት በ77.5 ሚሊዮን ገዛ።

የቬጋስ ወገኖቻችን ብዙዎቹ፣ «ቀረጡን የሚከፍለው ቱሪስቱ ነው፤ ለእኛ ሥራ መጣልን» ይላሉ። የሚናቅ ክርክር አይደለም። ሕንፃው ሲሠራ ብዙ ሰው ሠርቷል፤ የጨዋታ ቀን ታክሲው ይሠራል፤ በየካቲት 2024 ሱፐር ቦውል እዚያ ተደርጓል። የወንበር ፈቃዱም በቬጋስ ከታሰበው በላይ ተሸጧል። እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቱሪስት ላይ የሚጣል ቀረጥ ከሰማይ የወረደ መና አይደለም፤ ከተማው ሊሰበስበው የሚችለው ገንዘብ ነው፤ ለስታዲየም ከዋለ ለትምህርት ቤት አልዋለም። ሁለተኛ፣ ክላርክ ካውንቲ በ2018 የሸጠው 645 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ዋስትናው ቀረጡ ብቻ አይደለም፤ ቀረጡ ካነሰ ካውንቲው ራሱ ይከፍላል።

ይህ ደግሞ ወዲያው ተፈተነ። አሌጂያንት ስታዲየም በሐምሌ 2020 ሲጠናቀቅ ዓለም በኮሮና ተዘግቶ ነበር። 65 ሺህ ወንበር ያለው ሜዳ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ ተመልካች አጫወተ። ሆቴሎቹ ከመጋቢት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ተዘግተው ስለነበር የአልጋ ቀረጡ ደረቀ፤ የቦንዱን ክፍያ ለመፈጸም ከመጠባበቂያው መውሰድ ግድ ሆነ። እግዜር ይስጠው፣ መጠባበቂያ ማስቀመጣቸው የኔቫዳ ሰዎች ከኦክላንዶች የተሻለ እንደተማሩ ያሳያል። ቱሪስቱ ተመልሶ መጣና ቀዳዳው ተደፈነ። ያን ሰሞን ከሥራቸው ለተባረሩት የሆቴል ሠራተኞች ግን ማንም መጠባበቂያ አላስቀመጠላቸውም።

ሜዳው የሕዝብ ባለሥልጣን ንብረት ስለሆነ የንብረት ግብር አይከፍልም። ቡድኑ ግን የማርክ ዴቪስና የሸሪኮቹ ነው። በ2016 ፎርብስ መጽሔት ቡድኑን 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር፤ በ2024 6.7 ቢሊዮን አለው። 750 ሚሊዮን ያዋጣው ሕዝብ ከዚህ ትርፍ አንድ ዶላር ድርሻ የለውም። በሌላ በየትኛውም ንግድ ውስጥ ይህን ያህል ያወጣ ሸሪክ ትርፍ ሲቀርበት ዝም ብሎ የሚያይ ያለ አይመስለኝም።

ኦክላንድና አላሜዳ ካውንቲስ? ቡድኑ በ2020 ሲሄድ የ1995ቱ ቦንድ አላለቀም ነበር፤ ቡድኑ የማይጫወትበትን ተራራ ዕዳ እየከፈሉ ቀሩ። ዋሪየርስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን በ2019 ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ሳን ፍራንሲስኮ ገብቷል። የቤዝቦሉ ቡድን አትሌቲክስም በመስከረም 2024 በኮሊሲየሙ የመጨረሻ ጨዋታውን አድርጎ ለጊዜው ወደ ሳክራሜንቶ ሄደ። የሚጠብቀው ቬጋስ ውስጥ የሚሠራለትን ሜዳ ነው፤ የኔቫዳ ሕግ አውጪዎች ለዚያም በሰኔ 2023 እስከ 380 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ፈቅደዋል።